የዓባይነሽ ባል

የጋሽ ፀሐዩ ዒላማ በየዓመቱ ይርቅ ነበር። እኔ አሜሪካ መጥቼ ሲልቨር ስፕሪንግ የገባሁ ጊዜ፣ በር ለበር ጎረቤት ሆነን ሻይ ጠርተው ሲያወሩልኝ፣ ወረቀቱ የቆመው መቶ ሜትር ላይ ነበር። ልጃቸው ኮሌጅ ሲጨርስ መቶ ሃምሳ ደረሰ። የልጅ ልጅ ሲወለድ ደግሞ ሁለት መቶ ገባና ነፋስ ተጨመረበት። እኔ ሉባባ የደሴ ልጅ ነኝ፤ ጉራ ሰምቼ ዝም ማለት አይሆንልኝም። «ጋሼ፣ ቀስ ይበሉ እንጂ፣ ዒላማው ጅማን አልፎ ቦንጋ ሊገባ ነው» እላቸዋለሁ። እሳቸው ይስቃሉ እንጂ አንዲት ሜትር አይቀንሱም።

ታሪኩ ይሄ ነው። ጋሽ ፀሐዩ በወጣትነታቸው ጅማ ፖሊስ ነበሩ። የጠቅላይ ግዛቱ ፖሊሶች የተኩስ ውድድር ያደርጋሉ፤ የእሳቸው ጠመንጃ በዚያው ቀን ይበላሽባቸውና አንድ ሻምበል የራሱን ያውሳቸዋል። በማያውቁት ጠመንጃ በደረታቸው ተኝተው ከሁሉም አንደኛ ይወጣሉ። ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። እሳቸው ሲያወሩት ግን እራት ይቀዘቅዛል። ትንፋሻቸውን ግማሹን ለቀው ግማሹን እንዴት እንደያዙ፣ የመጀመሪያዋ ጥይት ወደ ግራ ስትሄድባቸው እጃቸውን ሳይሆን ሆዳቸውን እንዴት እንዳዞሩ፣ ሁሉም በተራ በተራው ይመጣል። ሆዳቸውን ያዞሩበት ቦታ ላይ ስንደርስ ሁላችንም እንስቃለን። የልጅ ልጃቸው አዶኒያስማ ምንጣፉ ላይ ተጋድሞ ሆዱን እያሽከረከረ ያሳየናል። ዋንጫ የለ፣ ፎቶ የለ፤ ነበረ የተባለውም ሲሰደዱ እዚያው ቀርቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ነው ነገሩ።

የማይስቁት ሚስታቸው እትዬ ዓባይነሽ ብቻ ነበሩ። እሳቸው ታሪኩን መጀመሪያ የሰሙት ታጭተው ሳሉ ነው፤ ጋሽ ፀሐዩ ለአማታቸው ሲያወሩ ከመጋረጃ ጀርባ ቆመው። ከዚያ ወዲህ በሠርግ፣ በክርስትና፣ በለቅሶ ቤት፣ ሱዳን በስደት ድንኳን ውስጥ፣ አሜሪካም ገብተው እንግዳ በመጣ ቁጥር ሰምተውታል። እንዲያም ሆኖ ሲወራ ሥራ ቢይዙ እንኳ አቁመው ያዳምጣሉ። ይሄ ነገር ያናድደኝ ነበር። የባል ጉራ አንድ ጊዜ ይደመጣል፣ ሁለት ጊዜ ይደመጣል፣ እንዴት ዕድሜ ልክ ይደመጣል?

ሁለቱም ሥራቸው አሌክሳንድሪያ ነበር። ጋሽ ፀሐዩ ፓርኪንግ ጋራዥ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ተቀምጠው ሒሳብ ይቀበላሉ፤ እትዬ ዓባይነሽ ሆቴል ላውንደሪ አንሶላ ያጥፋሉ። ጠዋት ጠዋት በዚያች ትልቅ መርከብ በምታክል ሼቭሮሌያቸው በዊልሰን ድልድይ የፖቶማክን ወንዝ ይሻገራሉ፤ ማታ አብረው ይመለሳሉ። እትዬ መንዳት አልተማሩም፤ ጋሼም አላስተማሩም። «እኔ እያለሁ ምን ያደርግላታል?» ይሉ ነበር። በኋላ ዓይናቸውን ግላኮማ ያዘው። ሐኪሙ መንዳት ይብቃዎት አላቸው፤ ጡረታ ወጡ፤ ሼቭሮሌዋም ከሕንጻው በታች ቆማ ቅጠል ለበሰች።

ይሁን፣ እሱንም ችለውት ነበር። ያልቻሉት የልጃቸውን ነገር ነው። ወንድሜነህ የኮምፒውተር ሥራ ያለው፣ አሌክሳንድሪያ ቤት የገዛ፣ ክፉ የማይባል ልጅ ነው። በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት በጋ፣ አንድ እሁድ፣ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹንና የሚስቱን የሰሊናን ዘመዶች ጠራ። እኔም ነበርኩ። ጋሽ ፀሐዩ ታሪካቸውን ጀመሩ፤ ሻምበሉ ጠመንጃውን ሲያቀብላቸው ላይ ደረሱ። ወንድሜነህ ከወዲያ ማዶ በእንግሊዝኛ፣ «አባዬ በናትህ፣ ይሄን ታሪክ እኮ ማንም አያምንህም» አለ። እንግሊዝኛ የሚያውቁት ሳቁ፤ የማያውቁትም ተከትለው ሳቁ። ጋሽ ፀሐዩ ሳህናቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና «እሺ» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ታሪኩ ከአፋቸው አልወጣም።

ታሪኩ ብቻ ቢሆን እሰየው ነበር። ሌላውም ወሬ አብሮ ቀረ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ እኔ ግን ሰው በዝምታ ሲነቅዝ በዓይኔ አይቻለሁ። መስኮቱ ስር ተቀምጠው ወደማያዩት መንገድ ያያሉ። ሻይ ይቀርብላቸዋል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይነሳል። ሆን ብዬ ብተነኩሳቸው፣ «ጋሼ፣ ዒላማው ዘንድሮ የት ደረሰ?» ብላቸው፣ «የለም እኮ፣ ሉባባ» አሉኝ። ምነው ምላሴን በቆረጠው አልኩ።

እትዬ ዓባይነሽ በዚያው መኸር ጡረታ ወጡ። በማግስቱ በሬን አንኳኩተው ገቡና ሳይቀመጡ ነገሩኝ። «ይሄ ሰውዬ ዝም ብሎ ሊሞትብኝ ነው። እኔና እሱ ከዚህ አገር ያየነው ድልድዩን ብቻ ነው። ተራራውን አሳዪን፤ መኪናው አለ፣ ሹፌር አንቺ ሁኚ።» እኔ ሆስፒታል ኩሽና ስሠራ ኦፍ የማልወስድ ሴት ነኝ፤ ለዚህች ጉዞ ግን ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ወጣሁ። ዓርብ ወጥተን ለእሁድ እንመለሳለን፤ እሁድ የወንድሜነህ ሁለተኛ ልጅ ክርስትና ነው።

የእነሱና የእኔ ሥጋ ስለማይገጥም ዓሣ ጥብስ፣ ሽሮ፣ ድፎ ዳቦና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ጭነን በስድሳ ስድስት ቁጥር አውራ ጎዳና ወደ ምዕራብ ነዳን። ተራራው ላይ ስንወጣ ቅጠሉ ቢጫና ቀይ ሆኖ ያቃጥላል። እትዬ ዓባይነሽ ከኋላ ሆነው፣ «በቀኝህ ቀይ ነው፣ ፀሐዩ። አሁን ደግሞ ወርቅ መሰለ» እያሉ ያሳዩዋቸዋል። ጋሼ «እህ» ይላሉ። ማደሪያ ስንደርስም «እህ» ነው። እኔ በሆዴ፣ ይሄን ሁሉ ቤንዚን ያቃጠልነው ለ«እህ» ነው ወይ እያልኩ ተኛሁ።

ቅዳሜ ጠዋት ከተራራው ወርደን በአንድ ጠባብ የገጠር መንገድ ስንሄድ ከሩቅ ጧ፣ ጧ የሚል ተሰማ። እግሬ በራሱ ጊዜ ነዳጁን ለቀቀ። ጋሽ ፀሐዩ መስኮቱን ዝቅ አድርገው ጆሯቸውን ወደ ውጭ ሰጡ።

«ትንሿ ጥይት ናት» አሉ። ከሲልቨር ስፕሪንግ ከወጣን ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሲናገሩ ይሄ የመጀመሪያቸው ነው።

እትዬ ዓባይነሽ ከኋላ ትከሻዬን ያዙኝ። «አቁሚ» አሉ።

ታጠፍን። ሜዳው ፒክአፕ መኪና ሞልቶታል፤ ድንኳን አለ፣ በርሜል ላይ የሚጠበስ ነገር አለ፣ ጠመንጃ የያዘ ሰውማ አይጠየቅ። የዚያች ከተማ በጎ ፈቃደኛ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ገንዘብ ለማሰባሰብ ያዘጋጁት የዒላማ ውድድር ኖሯል። እኔ ከመኪናው አልወርድም አልኩ። ሦስት ሐበሾች፣ አንዷ ሻሽ ያሰረች፣ ይሄ ሁሉ ባለጠመንጃ መሃል ምን ጥልቅ አደረገን? እትዬ ግን ባላቸውን በክንድ ይዘው ወርደዋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ ተከተልኩ።

እውነት ለመናገር ሰዎቹ መልካም ናቸው። የውድድሩ ዳኛ ነጭ ሪዝ ያለው፣ ኮፍያውን ግንባሩ ድረስ የደፋ ሽማግሌ ነበር። ከዚያ በፊት ተወዳድረው ለማያውቁ ሰዎች የተለየ ምድብ አለ፤ ጠመንጃው ከእነሱ፣ ወረቀቱም ከእነሱ፤ አጠገብ ቆሞ የሚመክር ሰውም ይፈቀዳል አለ። ሕጉን ግን ሦስቴ አስደገመኝ። የጠመንጃው አፍ ሁልጊዜ ወደ ዒላማው፤ ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ያቁም፤ ከተኳሽ በቀር ቢጫውን መስመር ማንም እንዳይሻገር። እኔም ተረጎምኩ፣ እነሱም «ገብቶናል» አሉ፤ ለዳኛው እኔ ኃላፊነት እወስዳለሁ ብዬ ቃል ሰጠሁ።

ጋሽ ፀሐዩ ኮታቸውን አውልቀው መሬት ላይ በተነጠፈው ምንጣፍ ተኙ። ስለ ጠመንጃ ምንም አላውቅም፤ ግን ሰው ወደ ገዛ አልጋው ሲገባ እንዴት እንደሚገባ አውቃለሁ። እንደዚያ ነው የተኙት። እግራቸው ራሱ ቦታውን ፈልጎ አገኘ፤ ሰደፉ ትከሻቸው ውስጥ ተሸጎጠ። ሁለት ሦስት ሰዎች ወሬያቸውን አቁመው ዞር ብለው አዩዋቸው። 

ተኮሱ። ዳኛው በሩቅ ማሳያ መነጽር አየ፤ ደግሞ አየ። ጨርሰው ወረቀቱ ሲመጣላቸው ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፤ አላረካቸውም መሰል በጣታቸው ከላይ እስከ ታች ዳሰሱት። ቀዳዳ ሲፈልጉ ነው። የለም። አንዲትም አልነካችውም።

ተነስተው ጉልበታቸውን አራገፉና ወደ መኪናው ሄዱ። ተከትለናቸው ስንደርስ በሩን ተደግፈው ቆመዋል።

«ወንድሜነህ እውነቱን ይሆናል» አሉ። «ሰው አንድን ነገር ብዙ ሲያወራው የሆነ ይመስለዋል። እኔም እንደዚያ ሆኜ ይሆናል፤ ሳላውቀው።»

ዓይናቸው ነው፣ ግላኮማው ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ግን ዓይን ማጣቱን እሳቸውም ያውቃሉ። አሁን ያጡት ሌላ ነው። ጅማን፣ ሻምበሉን፣ ያቺን ቀን፣ የገዛ ወጣትነታቸውን መጠርጠር ጀምረዋል። ሰውዬውን ከዚያ ሜዳ እንደዚህ ሆነው ብንወስዳቸው፣ እሁድ አሌክሳንድሪያ የምናስቀምጠው ኮታቸውን ብቻ ነበር።

እትዬ ዓባይነሽ አላባበሉም። ካፖርታቸውን አውልቀው ለእኔ ሰጡኝ፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። «ንገሪያቸው፤ እኔ ልተኩስ ነው» አሉ።

ጋሽ ፀሐዩ ቀና አሉ። «አንቺ ጠመንጃ በእጅሽ ይዘሽ ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ንገረኛ። ከመጀመሪያው ጀምረህ፣ ምንም ሳትዘል።»

ጋሼ እምቢ አሉ፤ ሌላ ጊዜ አሉ፤ ሰው ይስቅብናል አሉ። እትዬ አንድ ጊዜ ከወሰኑ የሚመለሱ ሴት አይደሉም፤ ያለ ባላቸው መንገድ ጀመሩ። እንግዲህ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዳይባል መሰል ጋሽ ፀሐዩም ኋላ ኋላ መጡ።

እትዬ ምንጣፉ ላይ ተንበርክከው፣ ከዚያ በደረታቸው ተጋደሙ። አንዲት ስልሳ ያለፋት ወይዘሮ፣ ቀሚሷን ቁርጭምጭሚቷ ድረስ ስባ፣ ጠመንጃ ይዛ መሬት ላይ። መነጽራቸውን አውልቀው አቀበሉኝ፤ የሚያስቸግራቸው ቅርብ ነው እንጂ ሩቅ እንደ ጭልፊት ያያሉ። የጆሮ መድፈኛ ሰጥተዋቸው ነበር፤ በባላቸው በኩል ያለውን አወጡት። ጋሽ ፀሐዩ ምርኩዛቸውን ይዘው ቢጫው መስመር ጋ በርከክ አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጀመሩ። ከዚያች እሁድ በኋላ የመጀመሪያቸው ነው።

«ሻምበሉ ጠመንጃውን ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ማቀፍ ነው። ያላቀፉት ጠመንጃ አይታዘዝም። ጉንጬን እንጨቱ ላይ አሳረፍኩ። ትንፋሼን ግማሹን ለቀቅሁ፣ ግማሹን ያዝኩ። ቃታውን አልሳብኩትም፤ ጨመቅ፣ ጨመቅ፣ ጨመቅ እያደረግሁ እሱ ራሱ አስደነገጠኝ።»

ጧ አለ። ዳኛው በመነጽር አይቶ ወደ ግራ ሄዷል አለ፤ እኔም ነገርኳቸው። እትዬ የእጃቸውን አንጓ ወደ ቀኝ መለስ ለማድረግ ሲሞክሩ ጋሼ ፈጠን ብለው፣ «እጅሽን ተዪው» አሉ። «እጅ ይደክማል። ሆድሽን አዙሪ።»

ከልማድ የተነሳ ልስቅ አፌን ከፍቼ ነበር። እትዬ ዓባይነሽ ግን ሆዳቸውን ጥቂት ነቅነቅ አድርገው፣ መላ አካላቸውን ከነጠመንጃው አዙረው ጸጥ አሉ። ተኮሱ። ዳኛው መነጽሩ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ ያየው እትዬን አይደለም፤ መስመሩ ላይ የተንበረከከውን ሽማግሌ ነው። «ጥቁሩ ክብ ውስጥ ገባ» አለኝ። የዚያን ጊዜ ነው የገባኝ። ያ ሁሉ ዓመት ስንስቅበት የኖርነው ነገር ማጣፈጫ አልነበረም፤ ትምህርት ነበር።

ሦስተኛዋን ተኮሱ፤ ጥቁሩ ውስጥ። አራተኛዋን ተኮሱና ዳኛው መሃሉን በጣቱ አሳየኝ። «መሃሉ ላይ!» ብዬ ስጮህ ጊዜ፣ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፣ ጋሽ ፀሐዩ ከተንበረከኩበት ዘለው ተነሱ።

«ዘራፍ!» አሉ። ሜዳው በሙሉ ዞረ። ምርኩዛቸውን እንደ ጠመንጃ ወደ ላይ አነሱ። «ዘራፍ፣ የዓባይነሽ ባል!

አንሶላ አጣፊ ናት ያላችሁ፣
ኑ እዩአት ዓይን ካላችሁ!»

እያሉ እየተንጎራደዱ ወዲያና ወዲህ ሲሉ ቢጫውን መስመር አለፉት። አልፈውም አላወቁም። ፊሽካው ተነፋ። ሁሉም ጠመንጃውን አስቀምጦ እጁን አነሳ። አንዲት እናት ልጇን ጎትታ ከፒክአፕ ጀርባ ተሸሸገች። የማያውቁት ሰው ምርኩዝ ወድሮ እየጮኸ ወደ ተኩስ ሜዳ ሲገባ ምን ያስቡ? እኔ ደግሞ ኃላፊነት ወስጃለሁ ብዬ ቃል የሰጠሁ ነኝ። በንዴት ተቃጥዬ በክንዳቸው ይዤ እየጎተትኩ አስወጣኋቸው። «አንቱ ሰውዬ፣ ሊያስገድሉን ነው?» አልኩ። እሳቸው ገና አሁን ነቅተው ላብ አጥምቋቸዋል።

ዳኛው ፊቱ ቲማቲም መስሎ መጣ። ሰውዬው ምን ሆኖ ነው የተናደደው አለኝ። አልተናደደም፣ ደስ ብሎት ነው አልኩት። ይሄ ደስታ ነው? አለ። በእኛ አገር ሰው ድል ሲያደርግ ተነስቶ የአባቱን ስም እየጠራ፣ የእገሌ ልጅ ነኝ እያለ ይፎክራል ብዬ አስረዳሁት። «ታዲያ አሁን የአባቱን ስም ነው የጠራው?» ብሎ ጠየቀ። አይደለም አልኩ። የሚስቱን ነው። የዓባይነሽ ባል ነኝ ነው ያለው። ይሄን እኔም ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም።

ሽማግሌው ኮፍያውን አንስቶ ራሱን አከከ። ሕግ ሕግ ነው አለ፤ መስመር ከታለፈ ያ ወረቀት አይቆጠርም። ጥፋቱ ግን የተኳሿ ስላልሆነ በአዲስ ወረቀት እንደገና ትተኩስ፤ ባልየው ግን መኪናቸው ጋ ሄደው ይቁሙ፤ አንድም ቃል እንዳይናገሩ።

ጋሽ ፀሐዩ ተሰበሩ። «አበላሸሁብሽ» አሉ።

እትዬ ዓባይነሽ ከመሬት ሳይነሱ፣ «ሂድ፣ ቀሪውን አውቀዋለሁ» አሉ።

አውጥተውት የነበረውን የጆሮ መድፈኛ መልሰው ሰኩ። አዲሱ ወረቀት ቆመ። አሁን ሜዳው በሙሉ ነው የሚያያቸው፤ ቡና የያዘው ቡናውን፣ ሳንድዊች የያዘው ሳንድዊቹን እንደያዘ። እኔ ከመስመሩ ጀርባ ሆኜ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፤ ጸሎት መሰለኝ። ጠጋ ብዬ ሳዳምጥ ታሪኩን እያወሩ ነው። «ሻምበሉ ጠመንጃውን ሲሰጠኝ መጀመሪያ ያደረግሁት ማቀፍ ነው...» በራሳቸው አንደበት አይደለም፤ በባላቸው ነው። «እኔ» የሚሉት ፀሐዩን ነው። የትም ሳይዘሉ፣ አንድ ቃል ሳያስቀሩ፣ ትንፋሹ ጋ ሲደርሱ ይተነፍሳሉ፣ ቃታው ጋ ሲደርሱ ይጨምቃሉ። አንዷ ጥይት ከሌላዋ እስክትከተል ብዙ ቆዩ። ማንም አላቻኮላቸውም።

ሲጨርሱ ዳኛው ወረቀቱን ራሱ ሄዶ አመጣው። ቀዳዳዎቹ ጥቁሩ መሃል እርስ በርስ ተነካክተው አንድ ትልቅ ቀዳዳ ሆነዋል። ከጀማሪዎቹ አንደኛ። እንደዚህ ያለ ወረቀት ከነባሮቹም ብዙ አላየሁም አለ። ሰው አጨበጨበ፤ ያቺ የልጅ እናትም ከፒክአፑ ጀርባ ወጥታ አጨበጨበች። ዳኛው ሆድ ማዞርን ማን አስተማራት ብሎ ጠየቀኝ፤ እኔም በእጄ ወደ ሼቭሮሌዋ አመለከትኩ።

መጀመሪያ እኔ ሮጬ ደረስኩ። ጋሽ ፀሐዩ ጭብጨባውን ሰምተዋል፤ ማን እንደተጨበጨበለት ግን አላዩም። ወረቀቱን ሰጠኋቸው። በጣታቸው ዳሰሱት። ጣታቸው ቀዳዳው ውስጥ ገባ፤ እዚያው ተዉት። ሌላ እጃቸውን የመኪናዋ ጣሪያ ላይ ጭነው አለቀሱ።

«ውሸት አልነበረማ» አሉ።

ጠበቃ ቢኖር ይሄ ማስረጃ አይሆንም ይላል፤ ሚስት ዒላማ ስለመታች ባል ጅማ ላይ አሸንፏል አያሰኝም ይላል። ጠበቃው ይሙት። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ። ጠመንጃ ነክታ የማታውቅ ሴት በእሳቸው ቃል ተመርታ፣ ቃሉ ያደረሳትን ቦታ አይቻለሁ። በውሸት እዚያ አይደረስም። ዳኛውም መጣና ወደ መኪና ያባረራቸውን ሰው ኮፍያውን አውልቆ ጨበጣቸው።

ሽልማቱ ምን ሆነ መሰላችሁ? አንድ ትልቅ የአሳማ ጭን፣ ተጠብሶ፣ በወርቃማ ወረቀት ተጠቅልሎ። እትዬ ዓባይነሽ ክንዳቸውን እስከ ቻሉት ዘርግተው ከሰውነታቸው አራቁት። ሁለት ኦርቶዶክስና አንድ ሙስሊም ተያየን። ሥጋችን ባይገጥምም በዚህ አንድ ነገር ሃይማኖታችን ተስማምቷል። ስጦታ መመለስ ነውር ነው፤ እኔ ደግሞ በምነዳው መኪና አይጫንም አልኩ። እትዬ ትንሽ አስበው፣ «በእኛ አገር ያሸነፈ ነው ሰው የሚያበላ፤ ይቆረስና ሁሉም ይብላልኝ በያቸው» አሉ። ያን ጊዜ ጭብጨባው ከበፊቱ ባሰ። እነሱ አሳማቸውን፣ እኛ ዓሣችንን ሣር ላይ ተቀምጠን አብረን በላን። ወደ ማደሪያችን ስንመለስ ጋሽ ፀሐዩ ያለማቋረጥ ያወራሉ። እትዬ ተኝተዋል፤ እኔ ነኝ የሰማሁ፤ አንዴም አልተነኮስኳቸውም።

እሁድ ክርስትናው ተነስቶ ወንድሜነህ ቤት ገባን። ያው እንግዶች፣ ያው ምንጣፍ። ወንድሜነህ ጉዞው እንዴት ነበር ብሎ እናቱን ሳማቸው። እትዬ ዓባይነሽ ዒላማ ተኩሼ አንደኛ ወጣሁ አሉት። «ኖ ዌይ» አለና ሳቀ። ወደ እኔ ዞረ፤ ሉባባ ሰውን በነጻ እንደማታሞግስ ያውቃል። ወላሂ አልኩት። ወረቀቱን ሰጠሁት። ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ።

«እንዴት?» አለ። «ማሚ፣ እንዴት አደረግሽው?»

እትዬ አልመለሱለትም። ከኩሽና መጥረጊያ አምጥተው ሰጡትና፣ «ተኛ» አሉት። ሰው እያየ፣ ክራቫቱን እንዳሰረ፣ ያ ትልቅ ሰው የገዛ ቤቱ ምንጣፍ ላይ በደረቱ ተኛ። ሰሊና ሕጻኑን ታቅፋ አፏን ይዛለች። እትዬ ወደ ባላቸው ዞረው፣ «ፀሐዩ፣ ንገረው» አሉ።

 ጋሽ ፀሐዩ መንገዱን በምርኩዛቸው እየፈለጉ መጡና አጠገቡ በርከክ ብለው ክርኑን በእጃቸው አቃኑለት። ጀመሩም። ጅማ ነው፣ ጠዋት ነው፣ የእሳቸው ጠመንጃ ተበላሽቷል። ሻምበሉ ጠመንጃውን ሊያቀብላቸው እጁን ሲዘረጋ ላይ ሲደርሱ አቆሙ። ባለፈው ያቆሟቸው እዚያ ላይ ነበር፤ አፋቸው ራሱ ፈራ መሰለኝ። ማንም አልሳቀም።

ወንድሜነህ ጉንጩን ከመጥረጊያው እንጨት ላይ ሳያነሳ፣ «ከዚያስ፣ አባዬ?» አለ፣ በአማርኛ።

ጋሽ ፀሐዩ እጃቸውን የልጃቸው ጀርባ ላይ አሳርፈው ቀጠሉ፤ ምግቡም ቀዘቀዘ።